መጀመሪያ የምትነሣው እጅ

የምሥራች! "ምሥር ብላ" በሉኝና ልቀጥል።

እጅ ተነሣች። ትናንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ካምፓላ፣ ካንሳንጋ ሰፈር፣ ከምግብ ቤቱ ፎቅ ላይ ባለችው አዳራሻችን ውስጥ፣ ተውኔቱ አልቆ ተዋንያኑ ጎንበስ ብለው እንደቆሙ፣ ከኋላ በኩል፣ በሩ አጠገብ፣ አንዲት እጅ ወደ ላይ ወጣች። የምሥራቹ ይኸው ነው። የማን እጅ እንደሆነች አሁኑኑ ብነግራችሁ "ታዲያ ምን ይጠበስ?" ትሉኛላችሁ፤ አልፈርድባችሁም፣ የሰው እጅ ሲነሣ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ስለዚህ አስቀድሜ ባለቤቷን ላስተዋውቃችሁ።

ሦስት አበሻ ከአገሩ ወጥቶ አንድ ከተማ ላይ ከተገናኘ፣ አንዱ ምግብ ቤት ይከፍታል፣ አንዱ ማኅበር ይመሠርታል፣ አንዷ ደግሞ መርዶ ትነግራለች። ይህ ሕግ ነው። ናይሮቢም፣ ጁባም፣ ዱባይም እንዲሁ ነው፤ ሄጄ አላየሁም፣ ግን እርግጠኛ ነኝ። ምግብ ቤቱ ሊዘጋ ይችላል፣ ማኅበሩም ለሁለት ይከፈላል፣ መርዶ ነጋሪዋ ግን አትለወጥም። አገር ቤት ሰው ሲሞት ስልክ የሚደወለው ለሟች ዘመድ አይደለም፣ ለእሷ ነው። ሰው የምትሰበስበው እሷ፣ ሰዓት የምትመርጠው እሷ፣ ማን ቀድሞ እንደሚገባና ማን ከሐዘንተኛው ጎን እንደሚቀመጥ የምትደለድለው እሷ። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ጎሕ ሲቀድ በራችሁ ላይ ቆማ ካያችኋት ልባችሁ ቀጥ ይላል።

የእኛዋ፣ የካምፓላዋ፣ ክብርት ወይዘሮ አክበረት ናቸው። ካንሳንጋ ውስጥ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። የመርዶ ሚኒስትር ብለን የሾምናቸው እኛ ነን፤ እሳቸው ሹመቱን አያውቁም። ቢያውቁ ምክትልና መኪና ይጠይቁን ነበር።

የክብርት ሚኒስትሯ መመሪያ ለክርክር አይቀርብም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሲመሽ አይነገርም፣ ሌሊቱ ይረዝማልና። ባዶ ሆዱን ላደረ ሰው አይነገርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቆሞ ላለ ሰው አይነገርም። ይህች የመጨረሻዋ ሕግ እንዲህ ስለተዋሐደቻቸው ለማንኛውም ወሬ የሚመልሱት ቃል አንድ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ "ተቀምጧል?" ይላሉ። እገሌ ቪዛ አገኘ ስትሏቸው፣ "ተቀምጧል?" የእንትና ጭነት ኪኩቦ ገበያ በሰላም ገባለት ስትሏቸው፣ "ተቀምጧል?" ልጄ ዩኒቨርሲቲ መግባቷን የነገርኳቸው ዕለት እንኳ እልል ከማለታቸው በፊት ወሬውን ስትሰማ ወንበር ላይ እንደነበረች አጣርተዋል።

እናቱ አዲስ አበባ ያረፉበት የሥራ ባልደረባ አለኝ። ወሬው የደረሰን ማታ ነው። ወይዘሮ አክበረት ልጁ ጦሙን እንዳያድር ብለው በእኔ በኩል እራት አስጋበዙት። እሱ ምንም ሳይጠረጥር ጥብሱን ጥርግ አድርጎ በላ፣ እጄን ይዞ አመሰገነኝ፣ ሄዶ ተኛ። ሲነጋ ግቢውን ሞልተን ጠበቅነው። ይኸው እስከ ዛሬ ጥብስ የሚጋብዘውን ሰው ሁሉ ማን ሞቶ እንደሆነ ይጠይቃል።

አሁን ደግሞ ስለ ቅዳሜያችን ልንገራችሁ። ሮሃ የምትባል ልጅ አለች፤ እዚሁ ካምፓላ ያደገች፣ ንቲንዳ የምትኖር፣ ቀን ቀን አንድ ድርጅት ውስጥ ሪፖርት የምትጽፍ፣ የቀረ ጊዜዋን ተውኔት የምትጽፍ። ባለፈው ዓመት አዳዲስ አጫጭር ተውኔቶችን እየሠራን እንይ ብላ ሰበሰበችን። የአዲስ አበባ ወጣቶች በቴሌግራም ይልኩላታል። የዚህ አገር ወጣቶች በእንግሊዝኛ ጽፈው ይመጣሉ። የራሳችንም አሉን። አንዱ ተውኔት የቀዳችሁት ሻይ ሳይበርድ ያልቃል፤ ከዚያ ተመልካቹ አስተያየቱን ይሰጣል፣ ከዚያ ሌላው ይቀጥላል።

እኔ ኤንቴቤ አየር ማረፊያ፣ ካርጎ ክፍል የምሠራ ሰው ነኝ። ሃምሳን እስክዘል የጻፍኩት ነገር ቢኖር "ዕቃው ረጥቦ ደርሷል" የሚል ብቻ ነው። ረጅሙን ተውኔት ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ንጉሡ ገብቶ፣ ተናግሮ፣ ተቆጥቶ እስኪወጣ ድረስ እንቅልፍ ወስዶኝ ይመልሰኝ ነበር። እነዚህ የዛሬ ልጆች ግን በር ከፍተው፣ ወንበር ስበው አያስገቧችሁም። በመስኮት ነው የሚያሳዩአችሁ። ባልና ሚስት ቆመው ሊፍት ይጠብቃሉ፣ ሊፍቱ አይመጣም፣ ስለ ሊፍቱ ብቻ ያወራሉ፤ ሲያልቅ ትዳራቸውን ከነጓዳው አውቃችሁታል። ማን እንደነገራችሁ አታውቁም። ይህን ሳይ እኔንም ጻፍ ጻፍ አለኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው፤ ደግሞ ምን ልደብቃችሁ፣ ያምርብኛል።

ወይዘሮ አክበረት መጀመሪያ የመጡት ለተውኔት አልነበረም። ሱቃቸው በር ላይ ቆመው የሚያውቁት አበሻ ሁሉ በዝምታ ወደ ፎቁ ደረጃውን ሲወጣ ያያሉ። አንዱ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሟል፣ አንዷ ፔርሙዝ አንጠልጥላለች። ወንበርና ፔርሙዝ ካለ ለቅሶ አለ፤ ለእሳቸው ሳይነገር። ሱቁን ቆለፉ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረቡ፣ ወጥተው ጥግ ያዙ፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ሟቹ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። አፌን ስከፍት መብራቱ ደበዘዘና ተውኔቱ ጀመረ።

የአንድ ኡጋንዳዊ ወጣት ተውኔት ነው። አንዲት ሴት ማቶኬ፣ ያንን የሚቀቀለውን ሙዝ፣ እየላጠች ባሏን ትጠብቃለች። ባሏ የቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ነጂ ነው፤ አምሽቷል። ስልኳ ይጮኻል። ስልኩ ምን ይዞ እንደመጣ እኛ እናውቃለን፣ እሷ አታውቅም። ተዋናይዋ እጇን ስትዘረጋ ከጥጉ "ስልኩን ቀሟት!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ዞር ስል ወንበሩ ባዶ ነው፤ ክብርት ሚኒስትሯ መድረክ ላይ ናቸው። ስልኩን ከልጅቷ እጅ ወሰዱ፣ ወንበር ሳቡላት፣ ትከሻዋን ይዘው አስቀመጧት፣ ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ይህች ልጅ ሰው የላትም ወይ፣ ጎረቤት የላትም ወይ ብለው በአማርኛ ወቀሱን። ልጅቷ አማርኛ አንድ ቃል አታውቅም። ግን ትከሻዋን እንደያዟት እውነተኛ እንባ ወረደላት።

ጸሐፊው ይቀየመናል ብለን ፈርተን ነበር። በሳምንቱ የተውኔቱን መጨረሻ ቀይሮ መጣ። በአዲሱ መጨረሻ ስልኩ ይጮኻል፣ ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ ይገባሉ፣ ምንም አይሏትም፣ ስልኩን እንድታነሣ ግን አንዳቸውም አይፈቅዱላትም። ስልኩ እንደጮኸ መብራቱ ይጠፋል። በሕይወቴ ካየሁት ተውኔት ሁሉ ያችን የሚያህል የለም።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ አክበረት ቅዳሜ አምልጧቸው አያውቅም። ተውኔት መሆኑን ተረድተዋል፤ ግን አልተጽናኑም። ተውኔቱ እንዳለቀ መጀመሪያ የምትነሣው እጅ የእሳቸው ነበረች። ሰው ትንፋሹን ሳይሰበስብ፣ ተዋንያኑ ላባቸውን ሳይጠርጉ፣ ያች እጅ ወደ ላይ ትወጣለች። አንዱ ጎበዝ፣ ሟች ከሬሳ ሣጥኑ ተነሥቶ ስለ ሕይወት ሲተነትን የሚያሳይ ተውኔት አምጥቶ ነበር። ወይዘሮ አክበረት ሟች እንዲህ እንደማይለፈልፍ፣ የሚለፈልፈው የቀረው ሰው እንደሆነ ነግረው አስቀመጡት። ልጁ ወር ሙሉ ተበሳጭቶ ከረመ፤ ከዚያ ሣጥኑን ዘግቶ ለሚስትየዋ ጻፈላት፤ ግሩም ሆነ። ሌላ ቀን ታክሲ ውስጥ ተቀምጠው በሹክሹክታ የሚፋቱ ባልና ሚስት አየን። ሁላችንም በሐዘን ተውጠን ሳለ እሳቸው፣ ወራጅ ሳይሉ መፋታት ነውር እንደሆነ፣ ረዳቱም ቢሆን የሆነ ነገር ማለት እንደነበረበት አሳሰቡ። ጸሐፊዋ ለረዳቱ አንዲት መስመር ሰጠችው። አዳራሹን ያስለቀሰችው ያች መስመር ናት።

ጋሽ መኮንን የሚባሉ ከአየር መንገድ በጡረታ የወጡ ሽማግሌ አሉን፤ የማኅበራችን ሰብሳቢ ናቸው። አጭር ተውኔት አይወዱም። እንዲህ ያለው ነገር ማስታወቂያ እንጂ ተውኔት አይደለም ብለው አንድ ቅዳሜ አማረሩ። ወይዘሮ አክበረት የመለሱላቸውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

"ስማ መኮንን፣ ረጅም መርዶ የሚነግር ሰው ጨካኝ ነው። ሰው ትሰበስባለህ፣ ታስቀምጠዋለህ፣ አንዲት ነገር ትናገራለህ፤ ከዚያ አፍህን ዘግተህ አብረኸው ትቀመጣለህ። እነዚህ ልጆችም የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ስለ ተውኔት የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤያለሁ፤ በእንግሊዝኛም በአማርኛም። ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ወደ ሐዘኑ ልግባ፤ ከዚህ በላይ ላዘገየው አልችልም።

ሮሃ ስለ መርዶ ተውኔት ልትጽፍ ተነሣች። እዚህ ያደገች ልጅ ናት፤ መርዶ ሲነገር አይታ አታውቅም። ስለዚህ ከሥራ መልስ ሱቃቸው እየሄደች በሽሮው ጆንያ ላይ ተቀምጣ ከወይዘሮ አክበረት ተማረች። "ቁርስ" አለችው ርእሱን። ሦስት ሰዎች በማለዳ አንዲት ሴት ቤት መርዶ ሊነግሩ ይመጣሉ። ሴትየዋ ደስ ብሏት ቁርስ ታቀርባለች። ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ መንገዱ ያወራሉ፣ ይበላሉ፣ አንዱ ሌላውን በዓይኑ ይገፋል፣ ማንም አይደፍርም። አመስግነው ይሄዳሉ። ሴትየዋ ሳህኑን ታነሣለች። አለቀ። የተጣሉት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሮሃ ሰዎቹ ሮሌክስ ይብሉ አለች፣ ያችኑ በየመንገዱ እንቁላል ተጠቅልሎባት የምትሸጠውን ቻፓቲ። ክብርት ሚኒስትሯ መርዶ ነጋሪ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አይበላም አሉ። ሦስት ቀን ተኮራረፉ። ሮሌክሱ ቀረ፣ ፍርፍር ተተካ።

ተውኔቱ ሊታይ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ጠዋት ገና ሳይነጋ፣ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለው የወይዘሮ አክበረት የወንድም ልጅ ነው። አባቱ ጋሽ ዘገዬ ሌሊት አርፈዋል። ጋሽ ዘገዬ ማለት ለወይዘሮ አክበረት ታላቅ ወንድም ብቻ አይደሉም። ወላጆቻቸው ሞተው ገና በልጅነታቸው ሲቀሩ ያሳደጓቸው፣ ያስተማሯቸው፣ የዳሯቸው እሳቸው ናቸው። ወይዘሮ አክበረት እስከ ዛሬ በስማቸው ጠርተዋቸው አያውቁም፤ "ወንድም ጋሼ" ነው የሚሏቸው።

ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ አውራ ጣቴ ይህን ሁሉ ዓመት የለመደውን አደረገ፤ መርዶ ሲመጣ የሚደወልበት ስልክ ላይ ደወለ። ወይዘሮ አክበረት አነሡት።

ማን ነው አሉኝ። ማን ደወለ ማለታቸው አልነበረም። ማንም አይደለም፣ እንዲያው ደህና አደሩ ልል ነው አልኩ። ሳይነጋ። በሐሙስ ምድር።

"ደህና አደርክ፣ ታፈሰ" አሉኝ በመጨረሻ። "ቁርስ ብላ።"

ያን ዕለት ጋሽ መኮንን፣ ሮሃና እኔ ንቲንዳ ከአንድ ሱፐርማርኬት ጎን ካለች ካፌ ተሰበሰብን። ካንሳንጋ ብንሰበሰብ ኖሮ በሩቅ አይተው ያውቁብን ነበር። የደወለልኝን የወንድማቸውን ልጅ ፌስቡክ ላይ ፎቶ እንዳይለጥፍ አስማልነው። ከዚያ ተፋጠጥን። ማን ቀድሞ ይግባ? ማን አጠገባቸው ይቀመጥ? ምን ተብሎ ይነገራል? ጥያቄው ሁሉ የሚመልሰው ሰው አንድ ነው፤ እሳቸው ናቸው። ለሰው ሁሉ የነገሩት ሴት ለእሳቸው ማን እንደሚነግር አላሰቡበትም፤ እኛም አላሰብንበትም። ሮሃ እያለቀሰች ተውኔቱ ይሰረዝ አለች። ጋሽ መኮንን፣ ከተሰረዘ ወይዘሮ አክበረት ያውቃሉ፣ ደግሞም ያ ተውኔት የእሳቸው ልፋት ነው፣ ይዩት፣ ይደሰቱበት፣ እሑድ ሲነጋ በሥርዓቱ እንነግራቸዋለን አሉ። ተስማማን። የምንፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኚህን ሴትዮ በብልሹ አነጋገር እንዳንነግራቸው።

ሐሙስና ዓርብ የተቻለንን ያህል እንደ ወትሮው ሆንን። ጋሽ መኮንን በዕድሜያቸው በርበሬ ገዝተው አያውቁም፤ በእነዚያ ቀናት ሁለት ጊዜ ገዙ። እኔ ሽሮ ልገዛ ሄጄ ኪሎውን ሲጠይቁኝ የሚበቃኝን ያህል አልኩ። ወይዘሮ አክበረት መዘኑ፣ ቋጠሩ፣ ሰጡኝ። አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። "ቁርስ" ተሠራ። ሦስቱ ሰዎች ገቡ፣ በሉ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ ኡጋንዳውያኑ እንግዶቻችን ቋንቋውን ሳያውቁ ሳቁ። እኔ የወይዘሮ አክበረትን ማጅራት ብቻ እያየሁ ነበር። ሴትየዋ የመጨረሻዋን ሳህን አነሣች፣ ጭብጨባው ተነሣ፣ ጭብጨባው በረደ። ያች የወይዘሮ አክበረት እጅ ወጣች።

ሳይቆሙ ነው የተናገሩት፤ ሁልጊዜ ይቆሙ ነበር።

"ሮሃዬ፣ ጥሩ ጽፈሻል" አሉ። "አንድ ስሕተት አለው። ሴትየዋ የማታውቅ አድርገሽ ጽፈሻታል። ታውቃለች። በሩ ሳይንኳኳ ነው ያወቀችው። የማታውቅ የምትመስለው ለእነሱ አዝና ነው። እስኪበሉ ብላ ነው።"

ወደ ኋላ ዞር ብለው መጀመሪያ ጋሽ መኮንንን አዩ፣ ከዚያ እኔን።

"እኔ ተቀምጫለሁ" አሉ። "ንገሩኝ።"

ጋሽ መኮንን ተነሡ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል። እኚህ አረጋዊ ስንት ቦርድ ፊት የተናገሩ ሰው ናቸው። ሲያቅታቸው ተመልሰው ተቀመጡና ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ያኔ እኔ ሄጄ ከወይዘሮ አክበረት ጎን ተቀመጥኩ።

"እትዬ፣ ጋሽ ዘገዬ አርፈዋል" አልኳቸው። ከዚያ አፌን ዘጋሁ።

"ወንድም ጋሼ" አሉ። አንዴ፣ ቀስ ብለው፣ ከሌላ ክፍል የሚጠሯቸው ይመስል። ቀጥሎ የወጣው ድምፅ የቃል አልነበረም።

ከኋላ የተቀመጡት ኡጋንዳውያን ሁለተኛው ተውኔት የተጀመረ መሰላቸው። አንዱ ወጣት አጨበጨበ። አልፈረድኩበትም፤ ያለፉትን ቅዳሜዎች ሁሉ እንዲህ ያለውን ነገር ለማሳየት ስንደክም አይቷል። ማንም ሳይናገረው ራሱ ገባው። እጁን አወረደ፣ ተነሣ፣ መጥቶ ፊታቸው ተንበረከከና "ኪታሎ" አለ፤ እነሱ ለሐዘንተኛ የሚሏት ቃል ናት። ከዚያ ሁሉም እየተነሡ መጡ። አዳራሹ ወንበር ነበረው፣ ፔርሙዝ ነበረው፣ ሰው ነበረው። ምንም ነገር ከቦታው ሳናንቀሳቅስ ለቅሶ ቤት ሆነ።

ቤታቸው ወስደናቸው፣ ለቅሶው ላይ ያልተሳሳትነው ነገር የለም። ፍራሹን በሩ ፊት አነጠፍን፣ ንፋስ አስመታናቸው። ሽማግሌዎቹን ፀሐይ ላይ አስቀመጥን። ንፍሮው ጨው በዛበት። እኔ አንዱን ለቀስተኛ ከዘመዶቻቸው ጋር አምታትቼ ሁለት ጊዜ አስለቀስኩት። ወይዘሮ አክበረት ሁሉንም ያያሉ፤ አንዱንም አላረሙም። ስንሳሳት አለመቆጣታቸው ነው እኔን ጓዳ ገብቼ ያስለቀሰኝ።

አርባው አልፎ ሱቃቸውን ከፈቱ። ይመዝናሉ፣ ይቋጥራሉ፣ መልስ ይሰጣሉ። የሆነ ልጅ ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘ ስንላቸው እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ፣ ያበቃል። ተቀምጦ ይስማ ቆሞ ይስማ አይጠይቁም። መርዶ ቢመጣም እኛው እንደነገሩ እንነግራለን፤ እሳቸው መጥተው ጥግ ይዘው ይሄዳሉ። ቅዳሜ ግን አይመጡም። ኑ ስንላቸው "እስቲ" ይላሉ፤ የአበሻን "እስቲ" ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ቅዳሜያችን እንደቀጠለ ነው፤ ግን ተውኔቱ ያልቃል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ "በርቱ" ይባላል፣ ሻይ ይጠጣል። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ልጅ የጻፈችውን ምን የመሰለ ሥራ በጭብጨባ ቀብረነው ወጣን። ተውኔት የጻፈ ሰው ሰው እንዲያየው ብቻ አይደለም የሚጽፈው፤ አንድ ሰው አምኖት ተነሥቶ ስልኩን እንዲቀማለት ነው። እኛ ጨዋ ሆንን። ወንበራችን ላይ ተቀምጠን ቀረን። ሮሃም ብዕሯን ጣለች። እሳቸውን ያስለቀሰው የእሷ ተውኔት እንደሆነ ራሷን አሳምናለች፤ ብንላት፣ ብናስረዳት አልሰማችንም። ተውኔቶቹን ታሰናዳለች፣ ወንበር ትደረድራለች፣ አትጽፍም።

ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣ አዲስ ተውኔት ነበረን። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ሶፋ ተሸክመው የኮንዶሚኒየም ደረጃ ይወጣሉ። መታጠፊያው ላይ ሶፋው ይወተፋል፤ ወደ ላይ አይል፣ ወደ ታች አይል። ይጣላሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ይደክማቸዋል፣ በመጨረሻ እዚያው ደረጃው ላይ ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ። ታናሽየው ስለ ልጅነታቸው አንድ ነገር ይላል፣ ታላቅየው ይስቃል። ይኸው ነው። ሮሃ ለሥራ ጂንጃ ከተማ ሄዳ ስለነበር አሰናጁ እኔ ነበርኩ፤ ላብ በላብ ሆኛለሁ። መሀል ላይ በሩ ቀስ ብሎ ሲከፈት አልዞርኩም።

ተውኔቱ አለቀ። ሰው ሊያጨበጭብ እጁን ሲያዘጋጅ ከኋላ ያች እጅ ወጣች። ወይዘሮ አክበረት ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ጋሽ መኮንን ሻያቸውን ሱሪያቸው ላይ ደፉ።

"እዚህ ውስጥ የሞተ ሰው የለም" አሉ ወይዘሮ አክበረት። "ስለዚህ አስተያየት የለኝም።"

ይህን ብለው፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ልደት የሚያከብሩ ሰዎች አዳራሹን ይፈልጉታል ሊለን ወደ ፎቁ እስኪወጣ ድረስ ተናገሩ። ሶፋውን በዚያ በኩል የሚያዞር ሰው እንደሌለ አሳዩን፤ ሁለት ሰው አስነሥተው አስያዟቸው፤ እውነትም በሌላ በኩል ነው። ጎረቤት በሩን ከፍቶ አለማየቱን ነቀፉ። ታላቅየው ሲስቅ ጉልበቱን መምታቱን ግን ወደዱት። ወንድም ጋሼም ሲስቅ ጉልበቱን ይመታ ነበር አሉ፤ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ያዩት ሰው ይህ ልጅ ብቻ እንደሆነም ነገሩን። ተዋናዩ የቆመበት ጠፋው። እሳቸው ደግሞ ደህና አድርገህ ምታው፣ በግማሽ እጅ አትምታው ብለው አሠሩት። ሦስት ጊዜ አስደገሙት። በሦስተኛው አብረውት ሳቁ፤ እያለቀሱ ነው የሳቁት፤ ማናችንም ወደ ሌላ አላየንም።

ሲወጡ ደረጃው ላይ ያዙኝና ሮሃ የት እንዳለች ጠየቁኝ። መጻፍ እንደተወች ነገርኳቸው፤ ምክንያቱንም አልደበቅኩም። ግድግዳውን ደገፍ አሉ።

"እስከ በሩ ድረስ ብቻ ነው የጻፈችው" አሉኝ። "ለቀስተኛው ሁሉ ሄዶ፣ ፍራሹ ተነሥቶ፣ ቤቱ ሲቀር ያለውን አልጻፈችውም። ማንም አልጻፈውም። ወንድም ጋሼ እሑድ እሑድ ማታ ይደውልልኝ ነበር። ወሬም የለንም፤ እዚያ ዘነበ ወይ፣ እዚህ ዘነበ ወይ፣ ይኸው ነው። አሁንም እሑድ ሲሆን ስልኩን ፊቴ አድርጌ እቀመጣለሁ። ይህን ማን ይጽፈዋል? ንገራት። ትምጣና እኔ እነግራታለሁ።"

ይህን የጻፍኩት ሮሃ ከጂንጃ እስክትመለስ ነው። አሁን ቤቷ ገብታለች አሉኝ፤ ስልኳን አታነሣም። ቦዳው ታች ሞተሩን አስነሥቶ እየጠራኝ ነው፣ ሰማዩም በንቲንዳ በኩል ጠቁሯል። ዛሬ እሑድ ነው፤ ወይዘሮ አክበረት ስልኩ ፊት ብቻቸውን ሳይቀመጡ መልእክታቸውን ለሮሃ ላደርስ ነውና ሳይመሽ እዚያ ልታደርሰኝ ይገባል ብዬዋለሁ። ልሂድ።